ጄኔራሎች የሚወዱት ሙዚቃ እና የሚፈሩት ሙዚቃ

የወታደር ባንድ ሲባል አብዛኛው ሰው ቶሎ የሚታየው ነጭ ጓንት፣ የተወለወለ ነሐስ፣ ሆዱ ላይ ትልቅ ከበሮ ያሰረ ግዙፍ ሰውዬ እና እንግዳ ሲመጣ ቀይ ምንጣፍ ዳር የሚነፋ መዝሙር ነው። ባጭሩ ጌጥ። እኔ ማርሽ የምወድ ሰው ነኝ፣ ሌሊት ሌሊት የሰልፍ ቪዲዮ እያየሁ እንቅልፌን የማጠፋ (አትሳቁ፣ ሱስ አይመረጥም)፣ እና እያየሁም ስለነሱ እያነበብኩም ስመጣ የገባኝ ሙዚቃ ጦር ውስጥ የገባው ለጌጥ እንዳልሆነ ነው። ለስራ ነው የገባው፣ ልክ የመገናኛ ሬዲዮ ለስራ እንደገባው። ችግሩ ሙዚቃ እንደ ሬዲዮ አርፎ አይቀመጥም። ሺህ ሰው ባንድ እግር የሚያስረግጠው ነገር ሺውንም ሰው ባንዴ ቤቱን ያስታውሰዋል፣ አለቆች የመጀመሪያውን ሲፈልጉ ሁለተኛው ሳይጠሩት ከተፍ ይልባቸዋል። ዛሬ የምለፈልፈው ስለዚህ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ የፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ ኋላ እንዳንጣላ።)

ስራ ነው ስል እያጋነንኩ አይደለም። ኦሪት ዘኍልቁ ምዕራፍ 10ን ያነበበ ያውቀዋል፣ ሙሴ ከብር ተቀጥቅጠው የተሰሩ ሁለት መለከቶች እንዲያዘጋጅ ይታዘዛል፣ ሁለቱም ከተነፉ ማህበሩ በሙሉ ድንኳኑ ደጃፍ ይሰበሰባል፣ አንዱ ብቻ ከተነፋ አለቆቹ ብቻ ይመጣሉ፣ የማስጠንቀቂያው ድምፅ አንዴ ሲሰማ በምስራቅ በኩል የሰፈሩት ይነሳሉ፣ ሁለተኛ ሲሰማ በደቡብ ያሉት። ይሄ እኮ ንጹህ የመገናኛ መመሪያ ነው! ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች መለከቱ ድምፁ ካልለየ ለጦርነት ማን ይሰናዳል ብሎ ሲጽፍላቸው ማብራሪያ አላስፈለገውም፣ ነገሩን ያውቁታላ።

ግሪኮቹም ጋ ያው ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ418 ማንቲኒያ ላይ ስፓርታና አርጎስ ሲገጥሙ የአርጎስ ሰዎች በወኔ እየሮጡ መጡ፣ ስፓርታዎቹ ግን ቀስ ብለው፣ መሀላቸው ባቆሟቸው ብዙ ዋሽንት ነፊዎች ዜማ እየረገጡ ሄዱ። ይሄን የጻፈልን የታሪክ ጸሐፊው ቱሲዳይደስ ራሱ ወታደር የነበረ ሰው ነው፣ እና አንባቢው ነገሩን ለአምልኮ እንዳይመስለው ለይቶ ይነግረዋል፦ እርምጃቸው እኩል እንዲሆንና ሰልፋቸው እንዳይበተን ነው ይላል። ስፓርታን የሚያህል በጀግንነት ስሙ የተነሳ ጦር ወደ ሞት ሲሄድ የሚያስበው ስለ እርምጃ ነው ማለት ነው። እኔ ይሄን ሳነብ በጣም ነው የገረመኝ፣ ምክንያቱም እኛ ጦርና ሙዚቃ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ወኔ ማስነሳት ነው፣ እነሱ ደግሞ የፈለጉት ወኔው ከልክ እንዳያልፍ ማብረድ ነበር።

ባሩድ ሲመጣ ነገሩ ባሰ። የድሮ ጠመንጃ የሚተፋው ጭስ ሜዳውን ጉም ያለብሰዋል፣ መድፍ ይጮሃል፣ ሻምበሉ ጉሮሮው እስኪበጠስ ቢጮህ ከሃያ ሰው በላይ አይሰማውም። የከበሮ ምት ግን ያልፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ትዕዛዝ የራሱ ምት ነበረው፣ ተነሱ፣ ተሰለፉ፣ ግፉ፣ አፈግፍጉ። ብዙ ጊዜ ይሄን የሚመታው ልጅ ነበር፣ ገና ጢም ያላበቀለ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ከበሮ ይዘው የዘመቱ ልጆች ፎቶ ስታዩ ከበሮው ከነሱ ይበልጣል።

ከዛ ቢውግል የሚሉት አጭሩ ጥሩምባ አለ። ስለሱ ትንሽ ልቆይ። ቢውግል ላይ የሚጫኑት ቁልፍ የሚባል ነገር የለም፣ ቀዳዳም የለውም፣ የተጠቀለለ ቱቦ ነው በቃ። ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የነፊው ከንፈር ብቻ ነው፣ ከንፈሩን ሲያጠብቅና አየሩን ሲገፋ ድምፁ ወደ ላይኛው ይዘላል፣ ላላ ሲያደርገው ይወርዳል፣ በመሀል ያሉትን ድምፆች ቱቦው ራሱ አይሰጥም። ስለዚህ የካምፕ ጥሪ በሙሉ በአምስት ድምፅ ነው የሚሰራው። አምስት! በነዚህ አምስት ድምፆች ተነሱ፣ ምግብ ደረሰ፣ ፖስታ መጥቷል፣ የታመመ ወደ ሐኪም፣ ፈረስ ጫኑ፣ ምቱ፣ ተመለሱ፣ መብራት አጥፉ ይባላል፣ እና ወታደሩ አንዱን ካንዱ እንዳያምታታ ለእያንዳንዱ ጥሪ የራሱን ግጥም ይፈጥርለታል፣ ግጥሙ ደግሞ ባብዛኛው አለቃውን ወይም ወጥ ቤቱን የሚሳደብ ነው። የፈረሰኛ ጦር ፈረሶች ሳይቀሩ ጥሪውን ይለምዱት ነበር። ከንፈር ብቻ መሆኑን ግን ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

እርምጃውን ደግሞ በቁጥር ላሳያችሁ። የብዙ አገር ጦር መደበኛ ሰልፍ በደቂቃ 120 እርምጃ አካባቢ ነው፣ የእንግሊዝ ራይፍልስ ሬጅመንት 140 ይረግጣል፣ ስታዩዋቸው አውቶቡስ ያመለጣቸው ነው የሚመስሉት፣ የፈረንሳይ የውጭ ዜጎች ሌጊዮን ደግሞ 88 ብቻ፣ ለዛ ነው በፈረንሳይ ብሔራዊ በዓል፣ ጁላይ 14 ፓሪስ ላይ ከእግረኛው ሁሉ መጨረሻ የሚያልፈው፣ መሀል ቢገባ ከኋላው ያለው ይረግጠዋል። ቪዲዮ ላይ ግን ሁሌ ግራ የሚያጋባኝ አንድ ነገር ነበር፣ ሰልፉ ረጅም ሲሆን ከላይ ሲቀረጽ እግሮቹ እንደ ማዕበል የሚሄዱት ለምንድነው? መልሱ ቀላል ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር አካባቢ ነው የሚሄደው፣ በደቂቃ 120 እርምጃ ማለት ደግሞ አንድ እርምጃ ግማሽ ሰከንድ ነው፣ ስለዚህ ከባንዱ 170 ሜትር ርቆ ያለ ሰልፈኛ ትልቁን ከበሮ የሚሰማው አንድ ሙሉ እርምጃ ዘግይቶ ነው። ከፊት ያለው ግራውን ጥሎ ወደ ቀኙ ሲያልፍ እሱ ገና ግራ ይረግጣል ማለት ነው። እሱ በጆሮው የታዘዘውን ነው ያደረገው፣ ማንም ሊቆጣው አይገባም፣ ግን ይቆጡታል መሰለኝ።

በነገራችን ላይ ዛሬ የአውሮፓ የምንለው ባንድ ግማሹ የቱርክ ነው። ትልቁ ከበሮ፣ ሲምባሉ፣ ትሪያንግሉ ከኦቶማን መህተር ባንድ የተቀዳ ነው፣ አውሮፓውያኑ መጀመሪያ የሰሙት ሊወጋቸው ሲመጣ ነው፣ ፈሩት፣ ከዛ ወደዱት፣ ከዛ ወሰዱት። የሚገርመው በ1826 ሱልጣን ማህሙድ ዳግማዊ የኒቼሪ የሚባለውን ጦር ሲያፈርስ መህተሩንም አብሮ አፈረሰና በ1828 ጁሴፔ ዶኒዜቲ የሚባል ጣልያን (የታዋቂው የኦፔራ ደራሲ ወንድም) አስመጥቶ የአውሮፓ ዓይነት ባንድ አቋቋመ። ማለትም አውሮፓ የቱርክን ከበሮ ስትወስድ ቱርክ የአውሮፓን ትራምፔት ወሰደች። ዛሬ የትኛውም ድራመር የሚያውቀው ዚልጂያን የሚለው የሲምባል ስምም የመጣው በ1623 ኢስታንቡል ውስጥ ሲምባል ይሰራ ከነበረ አርመናዊ ቤተሰብ ነው።

እንግሊዞች ደግሞ ባንድ ማሰልጠን የጀመሩት አፍረው ነው። በ1854 ለክሪሚያ ጦርነት ሲዘምቱ ኢስታንቡል አጠገብ ስኩታሪ ላይ የንግሥቲቱን ልደት ለማክበር ሰልፍ ወጡና ባንዶቹ ባንድነት ብሔራዊ መዝሙሩን ጀመሩ፣ ግን እያንዳንዱ ሬጅመንት የራሱ የሙዚቃ አቀናባሪ፣ የራሱ ቅኝት ስለነበረው የተሰማው ጉድ ነው፣ ያውም በባዕድ ጄኔራሎች ፊት። በ1857 ኔለር ሆል ላይ የወታደር ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። እኔ ብሆን የዛን ቀን ቅጂ ለመስማት ብዙ ነገር እሰጥ ነበር።

ውጊያ ሲጀመር ባንዱ የት ይሄዳል የሚል ጥያቄ ሳይኖራችሁ አይቀርም። መልሱ ቃሬዛ ነው። በብዙ ጦሮች፣ በተለይ በእንግሊዝ፣ ክላርኔት ነፊው ክላርኔቱን ሳጥን ውስጥ ከትቶ ቃሬዛ ያነሳል፣ ቁስለኛ ይሸከማል፣ ስለዚህ ትናንት ማታ ዋልዝ ሲጫወትልህ የነበረው ሰውዬ ዛሬ እግርህን ያስራል። ወታደሩ ባንዱን የሚወደው በሙዚቃው ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንዳንዴ ግን እዛው ተኩስ ውስጥ ይጫወታሉ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ በ1863 ጌቲስበርግ ላይ መድፍ እየወረደ የደቡቦቹ ባንድ ፖልካና ዋልዝ ሲጫወት ነበር፣ እዛ የነበረ እንግሊዛዊ መኮንን ነው አይቶ የጻፈው። ቢል ሚሊን የሚባለው ስኮትላንዳዊ ደግሞ ጁን 6 ቀን 1944 ፈረንሳይ ውስጥ ኖርማንዲ፣ ሶርድ ቢች የሚሉት ዳርቻ ላይ ባግፓይፕ (ከረጢት ያለው የስኮትላንዶች ዋሽንት) እየነፋ ነው ከውሃ የወጣው። ባግፓይፕ ነፊ ከፊት እንዳይሰለፍ የእንግሊዝ ጦር መስሪያ ቤት ከልክሎ ነበር፣ አዛዡ ሎርድ ሎቫት ግን ያ የእንግሊዞች ትዕዛዝ ነው፣ እኛ ስኮትላንዳውያን ነን ብሎ አስነፋው። ሚሊን ወዲያ ወዲህ እያለ ሲነፋ ምንም አልነካውም፣ በኋላ የተማረኩ ጀርመኖች ለምን አልተኮሳችሁበትም ሲባሉ አብዷል ብለን አሳዘነን አሉ ይባላል።

እስካሁን ያልኩት የሚወዱትን ነው። አሁን ወደሚፈሩት።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ202 ቻይና ውስጥ ሺያንግ ዩ የሚባል ኃይለኛ የጦር አበጋዝ ጋይሺያ ላይ ተከበበ። ከበባው ውስጥ ሌሊት ሲሰማ በዙሪያው ካለው የጠላት ሰፈር የሚዘፈነው የገዛ አገሩ የቹ ዘፈን ነው፣ በአራቱም ማዕዘን። አገሬን በሙሉ ያዙት እንዴ ብሎ ደነገጠ፣ ከመኝታው ተነስቶ መጠጥ ጀመረ፣ ከዛ በኋላ አለቀለት። አስቡት፣ ያሸነፈው ዘፈን ነው፣ ያውም የሀዘን ወይም የዛቻ ሳይሆን የሰፈሩ ዘፈን። ለባዕድ ነገሥታት ተቀጥረው ይዋጉ ስለነበሩ የስዊስ ወታደሮችም የሚወራ ነገር አለ፣ የላም እረኞቻቸውን ዜማ ጦሩ ውስጥ መጫወት ተከልክሎ ነበር፣ ከሰሙት ያለቅሳሉ፣ ይከዳሉ ተብሎ። ፈላስፋው ረሶ ይሄንን ጽፎታል። ተረት ይሁን እውነት ክልከላውን የፈጠረው ፍርሃት ግን ይገባኛል።

በጣም የምወደው ግን ይሄኛው ነው። ዲሴምበር 30 ቀን 1862፣ ቴነሲ፣ ስቶንስ ሪቨር። የሰሜኑና የደቡቡ ጦር በጣም ተቀራርበው ሰፍረዋል፣ ሲነጋ እንደሚገጥሙ ሁሉም ያውቃል። ማታ ላይ የአንዱ ባንድ የራሱን ማርሽ ይጀምራል፣ የወዲያኛው በራሱ ይመልሳል፣ እንዲህ ሲፎካከሩ ቆዩ፣ ልክ ሰርግ ቤት የወንድና የሴት ወገን እንደሚገጥመው። ከዛ አንዱ ባንድ ስለ ቤት የሚዘፈነውን፣ ሁለቱም ወገን ከልጅነቱ የሚያውቀውን ዘፈን ጀመረ። የወዲያኛው አልተፎካከረም፣ አብሮ ገባ። ሌሎቹም ባንዶች ገቡ፣ ከዛ ወታደሮቹ በሺህ በሺህ መዝፈን ጀመሩ፣ ሁለት ጦር አንድ ዘፈን። ሲነጋ ተዋጉ፣ ውጊያው እስኪያበቃ ከሁለቱም ወገን ከ20 ሺህ በላይ ሰው ሞተ፣ ቆሰለ ወይ ተማረከ። ሰዎች ይሄን ታሪክ ሙዚቃ ሰላም ያመጣል ለማለት ይጠቅሱታል፣ እኔ ግን አልስማማም፣ ጠዋት የሆነውን ማየት ነው። ሙዚቃው ያሳየው እነማን እንደሚገዳደሉ ብቻ ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1914 የገና በዓል ላይ ምሽግ ለምሽግ መዝሙር ተቀባብለው የወጡትን የእንግሊዝና የጀርመን ወታደሮችም ታውቃላችሁ፣ አለቆቹ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት እንዳይደገም ምን ያህል እንደተጨነቁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ላሌ አንደርሰን በ1939 የቀዳችው ሊሊ ማርሊን የሚባል ዘፈን ነበረ፣ ካምፕ በር ላይ መብራት ስር ያገኛት የነበረችውን ፍቅረኛውን ስለሚናፍቅ ወታደር የሚያወራ። ከ1941 ጀምሮ ጀርመኖች ከያዙት የቤልግሬድ ሬዲዮ ማታ ማታ ይለቀቅ ነበር፣ ሰሜን አፍሪካ በረሃ ውስጥ ጀርመኑም እንግሊዙም ጆሮውን ቀስሮ ይጠብቀዋል። የናዚዎቹ የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር ጎብልስ አልወደደውም፣ ወኔ ያላላል ብሎ፣ ሊያስቆመው ሞክሮም አልቻለም። ሰውዬው ሙዚቃ እንደሚሰራ ያውቃል እኮ፣ ለዛ ነው የጠላው።

ከዚህ መሀል አለቆች አንድ ጥሩ ነገር አደረጉ እላለሁ፣ ወታደሩ ራሱ የሚፈጥረውን ዘፈን መስማት። በ1944 ኒውዮርክ ውስጥ ፎርት ስሎከም ላይ ከረጅም ጉዞ የደከመ ጦር እግሩን እየጎተተ ሲመለስ ዊሊ ዳክወርዝ የሚባል ጥቁር ተራ ወታደር አውጪና ተቀባይ አድርጎ ይዘፍን ጀመር፣ ግራ ቀኝ እያስረገጠ፣ ሰዉ ተቀበለው፣ እግሩ ተስተካከለ። አዛዡ ሰምቶ ወደደውና እንዲስፋፋ አደረገ፣ ዛሬ በፊልም የምታዩት አሜሪካኖች እየሮጡ የሚቀባበሉት ዘፈን ከዛ ነው የተስፋፋው። ግጥሙ ምን መሰላችሁ? አንተ እዚህ ስትለፋ ቤት የቀረው ጆዲ ፍቅረኛህን ወሰደ ነው! ፍርሃቱን እየዘፈነ ይረግጣል። ታሪክ ጸሐፊው ዊልያም ማክኒልም በ1941 ቴክሳስ ውስጥ ምልምል ሆኖ ሲሰለጥን፣ መሳሪያ እንኳን በቅጡ ሳይኖራቸው ቀኑን ሙሉ ግራ ቀኝ እየተባሉ ይውሉ ነበር፣ ጥቅም የሌለው ስራ መሆኑን እያወቀ ግን ደስታ፣ ከሰውነቱ የመስፋት ዓይነት ስሜት ይሰማው እንደነበር ጽፏል። እኛ ፉከራና ሽለላ የምናውቅ ሰዎች ይሄን ማስረዳት አያስፈልገንም።

እና የጦር ሙዚቃ ከካምፕ አምልጦ ሲወጣ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። በ1918 የጄምስ ሪዝ ዩሮፕ ባንድ ከ369ኛው ሬጅመንት ጋር፣ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው፣ ብሬስት ወደብ ሲወርድ የፈረንሳይን ብሔራዊ መዝሙር በራሳቸው ስልት ተጫወቱ፣ ፈረንሳዮቹ የራሳቸው መዝሙር መሆኑን ለመለየት ጥቂት ጊዜ ወሰደባቸው። ፈረንሳይ ጃዝን የሰማችው ወታደር ይዞላት መጥቶ ነው። የኢትዮጵያም ታሪክ ከዚህ ብዙም አይርቅም፣ በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 አርመን ወላጅ አልባ ልጆች (አርባ ልጆች የምንላቸው) በኬቮርክ ናልባንዲያን እየተመሩ የመንግሥት ማርሽ ባንድ ሆኑ፣ ከዛ በኋላ ክቡር ዘበኛ፣ ምድር ጦር፣ ፖሊስ እያንዳንዳቸው ባንድ ነበራቸው፣ ጥላሁን ገሠሠ፣ ማህሙድ አህመድ፣ ብዙነሽ በቀለ ከክቡር ዘበኛ፣ አለማየሁ እሸቴና ሂሩት በቀለ ከፖሊስ። የፍቅር ዘፈናችን በሙሉ ዩኒፎርም ለብሶ ነው የተወለደው። ለዛም ነው ዲሴምበር 1960 ክቡር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሞክሮ ሲከሽፍ ጥላሁን የታሰረው፣ ዘፋኝ ቢሆንም የዘበኛው ነዋ። ጌታቸው መኩሪያ ደግሞ ሽለላን ወስዶ በሳክስፎን አስፎከረው፣ ጦር ሜዳ የነበረው ጩኸት ዳንስ ቤት ገባ። ስለሱ ለብቻው አንድ ቀን እጽፋለሁ፣ እዚህ ከጀመርኩ አላቆምም።

ዛሬ ሬዲዮ አለ፣ ውጊያ ላይ ማንም በጥሩምባ ትዕዛዝ አይሰጥም። ጥሩምባው ግን ቀብር ላይ ቀረ፣ እና ቅድም ያዙልኝ ያልኩት ከንፈር የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ኖቬምበር 25 ቀን 1963 ኬኔዲ አርሊንግተን ላይ ሲቀበር የመሰናበቻውን ጥሪ የነፋው ሳጅን ኪት ክላርክ ነው፣ በጣም የተመሰከረለት ነፊ። ብርድ ላይ ለረጅም ሰዓት ቆሟል፣ የመሰናበቻው ተኩስ አጠገቡ ነው የተተኮሰው፣ ዓለም በቴሌቪዥን እያየ ነው። ስድስተኛው ድምፅ ተሰነጠቀበት። ዘፈኑ በጠቅላላ 24 ድምፅ ነው ያለው፣ መደበቂያ የለውም። ሰዉ ግን ሰውዬው አለቀሰ፣ ጥሩምባውም አለቀሰ ብሎ ነው የተረጎመው፣ እኔ የብርዱ ነው ባይ ነኝ፣ ግን ማን ይሰማኛል።

ከዛ በኋላ የአሜሪካ ጦር ነፊ እያጣ መጣ፣ በየቀኑ የሚቀበረው የድሮ ወታደር ብዙ ነው፣ ነፊው ጥቂት ነው፣ ከ2000 ጀምሮ ሕጉ ነፊ ከሌለ በቅጂ ይሁን አለ፣ በ2003 ደግሞ ቢውግሉ አፍ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ስፒከር መጣ። ወታደሩ የስፒከሩን ቁልፍ ይጫናል፣ ጥሩምባውን ከንፈሩ ላይ ያስጠጋል፣ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ፍጹም የሆነ፣ ምንም ያልተሰነጠቀ መሰናበቻ ይወጣል፣ እሱ ደግሞ የሚነፋ መስሎ ይቆማል። ለቤተሰቡ ከቴፕ ይሻላል የሚሉትን እረዳለሁ፣ ሀዘን ላይ ሆኜ ማን ነፋው ብዬ የምመረምር አይመስለኝም። ቢሆንም ወንድሜ ቢሆን የሚቀበረው፣ እየተሳሳተም ቢሆን የሚነፋ አንድ ጀማሪ ልጅ ይላኩልኝ ነው የምለው።